ግድግዳ የሚያልፍ ባቡር

በዚህ ዓመት ያረፈው አባቴ በአገልግሎት ማስረጃው ላይ «ጠንቃቃ ሠራተኛ» ተብሎ ተጽፎለታል። ቃሉ ትክክል አይደለም። አባቴ ፈሪ ነበር። ቢጠየቅ ራሱም አይክድም፤ እንዲያውም ፈሪ ያልሆነ ሰው ሐዲድ አጠገብ መቆም የለበትም ባይ ነበር።

ሥራው የባቡር ምልክት መብራቶችን መቆጣጠር ነበር። ሁለት ሐዲዶች መጥተው አንድ በሚሆኑበት ቦታ በደረጃ የሚወጣባት ጠባብ የእንጨት ክፍል ነበረችው፤ ዙሪያዋን መስታወት፣ መሃሏን የተደረደሩ የብረት እጀታዎች። አንዱን እጀታ ሲስብ ሩቅ ያለው መብራት ከቀይ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ ባቡሩም ይገባል። እሱ ግን ስቦ አይቀመጥም። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ መብራቱን ያያል። ከዚያ ሰሚ በሌለበት ክፍል ውስጥ ያደረገውን ጮክ ብሎ ይናገራል፦ «የግራው ክፍት፣ የቀኙ ዝግ።» ከዚያ እንደገና ያያል። ቅንጣት ታህል ከተጠራጠረ ሁሉንም ቀይ ያደርግና ደረጃውን ወርዶ፣ በእግሩ ሄዶ ሐዲዱን በእጁ ይዳስሳል።

የባቡር ሹፌሮች «ቀይ መብራቱ» ይሉት ነበር። ሲያቆማቸው በመስኮት ብቅ ብለው ይጮኹበታል።

«ቀይ መብራቱ! ዛሬ ደግሞ ምን ታይቶህ ነው ያቆምከን? ጥንቸል?»

«የታየኝማ አያስፈራኝም» ይላቸዋል። «ያልታየኝ ነው የሚያስፈራኝ።»

ጡረታ በወጣበት ቀን አለቃው ተነስተው፣ በዚህ ሰው እጅ አንድም አደጋ አልደረሰም ብለው ተናገሩ። ተጨበጨበ። አባቴ ብድግ አለና «እስካሁን» ብሎ ተቀመጠ። ሰዉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ የአዳራሹን ጣራ የተሸከመውን ምሰሶ እያየ ነበር። ባልደረቦቹ በስጦታ ያመጡለት ካርቶን ሲከፈት የመጫወቻ ባቡር ወጣ፤ አንድ ሞተር፣ ጥቂት ፉርጎዎች፣ ክብ ሐዲድ። «በል እንግዲህ ይቺን አስቁም» አሉት።

እናቴ የእሱ ተቃራኒ ነበረች። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ምላሷም እንደ መቀሷ ነበር። ደንበኛ ወገቤን አጥብቢልኝ ሲላት «ልብሱን ነው ወይስ ሆድህን?» ትል ነበር፤ ሰዉም ተሰድቦ ተመልሶ ይመጣል። ስኳር በሽታ ይዟት ለብዙ ጊዜ እንደ ጎረቤት ሐሜት ንቃው ኖረች። በኋላ እግሯ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን አለች። አንደኛው እግሯ ከጉልበት በታች ተቆረጠ፤ ሁለተኛውም ብቻውን አልሸከምም አለ። መሃለኛው ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ ዋለች። የክፍሉ መስኮት የሚያሳየው የጎረቤትን ግድግዳ ብቻ ነው።

ያኔ የአባቴ ፍርሃት ቤት ገባ። የሚስበው እጀታ፣ የሚያበራው መብራት አልነበረውም። በሯ ላይ ቆሞ ትንፋሿን ያዳምጣል። ጽዋ ሲንቀጫቀጭ ከጓሮ ሮጦ ይመጣል። ውሃ ስትጠጣ ጉሮሮዋን ያያል።

«ምን ቆመሃል?» ትለዋለች።

«ምንም።»

«ልሞት ስል እጠራሃለሁ። አሁን ሂድ፣ ብርሃን ከለልከኝ።»

ባቡሩን ከካርቶኑ ያወጣው እጁ የሚሠራው ነገር እንዲያገኝ ብሎ ነው። ከእሷ ክፍል ጀርባ ያለችውን የዕቃ ማስቀመጫ አጽድቶ ጠረጴዛ ላይ ሐዲዱን ገጠመ። ባቡሩ መዞር ሲጀምር ከግድግዳው ወዲያ ድምፅዋ መጣ።

«ያ የሚንኮሻኮሸው ምንድነው? አይጥ ነው?»

«ባቡር ነው።»

«ታዲያ ለምን እኔ ጋ አይመጣም? እኔ ጣቢያ አይደለሁም?»

በማግሥቱ ግድግዳውን በመሮ መፈልፈል ጀመረ። ብሎኬቱ እንዳይናድ ፈርቶ በላዩ ላይ ብረት ደግፎ፣ ድጋፉንም በሌላ ድጋፍ ደግፎ ሁለት ቀዳዳ አወጣ፤ አንዱ መግቢያ፣ አንዱ መውጫ። በእሷ ክፍል በግድግዳው ጥግ ጥጉን በአልጋዋ ልክ ሰፊ መደርደሪያ ገጠመና ሐዲዱን በላዩ ዘረጋው። ባቡሩ ከእሱ ጠረጴዛ ተነስቶ በቀዳዳው ይገባል፣ ራስጌዋን አልፎ በግርጌዋ ዞሮ በሌላው ቀዳዳ ወደ እሱ ይመለሳል። መደርደሪያው ላይ ከካርቶን ቤቶች፣ ቀለም ከተነከረ ስፖንጅ ዛፎች፣ ከወረቀት ተራራ ሠራ። ጣቢያም ሠራ። መጀመሪያ ቀን አጠገቧ ቆሞ ሊያሳያት ቢሞክር አባረረችው።

«እኔ አገሩን ነው ማየት የምፈልገው፣ አንተን አይደለም። ቲያትር ቤት መጋረጃውን የሚስበው ሰውዬ መሃል መድረክ ላይ ይቆማል? ወደ ጓዳህ!»

ከዚያ በኋላ እሱ ከግድግዳው በስተጀርባ፣ እሷ ከፊት ሆኑ። የሚነጋገሩት በባቡሩ ቀዳዳ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ እናቴ አገሩ የሞተ ነው አለች። ባቡሩ ብቻ ይሮጣል፣ ሰዉ ግን መርዶ እንደሰማ ቆሞ ቀርቷል። አባቴ ይህን ከሰማ በኋላ ነው በቤታችን የተበላሸ ነገር መጣል የቀረው። ከተበላሸ የግድግዳ ሰዓት ሞተሩን አውጥቶ የካርቶን ውሻ ጅራት ላይ አሰረው፤ ውሻው በየሰከንዱ ጅራቱን ቆላ። ለጭስ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ፈሳሽ በጋለ ሽቦ ላይ ማንጠባጠብ ይቻላል ብለው ነግረውት ነበር፤ የጋለ ሽቦ ከአልጋዋ አጠገብ የሚለውን ሲያስብ ሌሊቱን አልተኛም። በሱ ፈንታ ጥጥ በቀጭኑ አፍታቶ በማይታይ ክር ላይ አስሮ፣ ክሩን በቀስታ በሚዞር ሞተር ከአንዱ የካርቶን ቤት ጭስ ማውጫ ወደ ላይ እንዲጎተት አደረገ። ከአልጋ ላይ ሲያዩት ጭስ ነው።

ዝናብም ሠራላት። ግልጽ ፕላስቲክ ጠቅልሎ በመርፌ ሰያፍ ሰያፍ መስመር ጫረበት፣ ውስጡ መብራት አድርጎ አዞረው፤ በግድግዳዋ ላይ ዝናብ ወረደ። ነጎድጓዱ በጓዳው የተንጠለጠለ ቆርቆሮ ነው፣ በጣቱ ሲነካው ያጉረመርማል። መደርደሪያው ላይ ላለው አንጥረኛ ምድጃ እሳት ፈለገች። የረጅም አምፖል ስታርተር ከትንሽ አምፖል ጋር ሲያያዝ መብራቱ እንደ ነበልባል እንደሚርገበገብ ከአንድ የመብራት ሠራተኛ ሰማ። አምፖሏን በጣሳ ውስጥ፣ ጣሳውን በሌላ ጣሳ ውስጥ፣ ሁለቱንም በአሸዋ ውስጥ አስቀመጠ። ማታ ማታ ግን ገመዱን ከነቀለ በኋላም ጣሳውን በመዳፉ ይነካ ነበር።

ከሁሉ የምትወደው ልብስ ሰፊዋን ነው። በጣቢያው በረንዳ ላይ የአውራ ጣት ቁመት ያላት ሴት በስፌት መኪና ፊት ተቀምጣለች። ክንዷ የፀጉር መያዣ ሽቦ ነው። ከተበላሸ ካሴት ማጫወቻ በወጣ ሞተር ላይ አባቴ የሸሚዝ ቁልፍ ሰክቶ፣ መሃሉን ሳይሆን ዳር ዳሩን ወግቶ፣ ቁልፉ እየተንገዳገደ ሲዞር ክንዷ ከፍ ዝቅ እንዲል አደረገ። እናቴ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«አጎንብሳለች» አለች በመጨረሻ።

«ላስተካክላት?»

«ተዋት። እኔም አጎንብሼ ነበር የምሰፋው።»

አባቴ ለእኔ ብቻ የነገረኝ ነገር አለ። እናቴ በየጊዜው አንድ አዲስ ነገር ታዘው ነበር፦ በር የሚከፍት ሰው፣ የሚበራ መስኮት፣ ተነስታ የምትቀመጥ ወፍ። እሱ ትእዛዙን ሲሠራ አንድ ነገር ብቻ ይፈራል፤ ምንም የማታዝበትን ቀን። ምንም ያልፈለገች ቀን ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ስለዚህ ውሻውን ሠርቶ ሲጨርስ ወዲያው አያሳያትም። ሌላ ነገር እስክታዝ ይጠብቅና ነው የሚያሳያት።

መብራቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ባቡሩን ልላክ አልላክ የሚያውቅበት ስላልነበረው፣ የራስጌ መብራት ማብሪያ በገመድ ወደ እጇ አመጣላት። አንድ ጊዜ ስትጫነው በእሱ ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴ ይበራል፣ ሌላ ጊዜ ቀይ። አረንጓዴ ደህና ነኝ፣ ባቡሩን ላክ ነው። ቀይ ተው ነው። ቀዩን የምትጠቀመው ሲስተር ስታጥባት፣ እንግዳ ሲኖራት፣ ስታኮርፍ ነበር። ሲስተር የምንላት ጠዋትና ቀትር እየመጣች ኢንሱሊኗን የምትወጋት ነርስ ናት፤ እድሜዋ ከእኔ ያንሳል፣ ድምፅዋ ግን ከሁላችንም ይበልጣል።

«አባባ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ መገናኛ ሚኒስቴር?» ትል ነበር ገመዶቹን እየተራመደች። «አንድ ቀን ተደናቅፌ አንገቴ ቢሰበር በየትኛው ባቡር ልትወስደኝ ነው?»

«ልጄ፣ እሱን አስቤበታለሁ» ይላታል፤ እውነቱን ነው። በማግሥቱ ገመዱ ሁሉ በጣውላ ተሸፍኖ አገኘችው።

አሁን የምጽፈውን ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ያየሁት ሳይሆን ከሦስቱ የሰማሁት ነው። ሦስቱ በማይስማሙበት ቦታ አለመስማማታቸውን እጽፋለሁ።

ሲስተር ቀትር ላይ መጥታ ኢንሱሊኑን ወጋቻትና ሄደች። ከመርፌው በኋላ እናቴ መብላት አለባት፤ ካልበላች መድኃኒቱ ያለውን ስኳር ሁሉ ከደሟ ይጠርገዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ ሾርባና ዳቦ በትሪ አድርጎ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠና ወደ ጓዳው ተመለሰ። አረንጓዴ በራ። ባቡሩን ላከ።

«ሰውዬ!» አለች በቀዳዳው።

«አቤት።»

«ያቺን ልብስ ሰፊ ባቡሩ ላይ አሳፍራት።»



«ወዴት ልትሄድ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ባቡሩ ወደሚሄድበት ነዋ።»

«ባቡሩ እኮ ዞሮ እዚሁ ይመጣል።»

«እሷ እዚያ ትውረድና ትቅር። ዕድሜ ልኳን አንድ እጅጌ ስትሰፋ ትኑር እንዴ?»

«አይሆንም።»

«አይሆንም ነው ወይስ አይቻልም?»

ይቻላል። እንዴት እንደሚሠራው ያኔውኑ ታይቶት ነበር፤ ከእግሯ ሥር ሚስማር፣ ከመደርደሪያው በታች ማግኔት፣ ማግኔቱን የሚጎትት ክር። ከወንበሯ ተነስታ፣ በረንዳውን አቋርጣ፣ ፉርጎው ውስጥ ትገባለች። ከዚያ ባዶ ወንበር። 

«አይሆንም ብያለሁ።»

«ፈራህ።»

«አዎ፣ ፈራሁ።»

«እኔ መቼ ስለ ፍርሃትህ ጠየቅኩህ? ሥራ ነው ያዘዝኩህ!»

ቀይ በራ።

እዚህ ላይ አባቴን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሌላ ሰው ቀይ ሲያይ ይደነግጣል። ለእሱ ግን ቀይ ፍርሃት የሚያርፍበት ቀለም ነበር። ቀይ ሲበራ ምንም አይንቀሳቀስም፤ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ማንም አይሞትም። አረንጓዴ ነው የሚያስጨንቀው። ዕድሜውን ሙሉ ቀይ አብርቶ ነው ትንፋሽ የሚሰበስበው። ያን ቀንም ቀዩን ሲያይ ባቡሩን አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አኩርፋለች። የኩርፊያ ቀይ ይታወቃል፤ ሲበርድላት አረንጓዴ ታደርገዋለች። በቀይ ጊዜ በቀዳዳው መናገርም አይፈቀድም፤ ይህን ደንብ ያወጣችው እሷ ናት።

ማንኪያ ሲወድቅ ሰማ። ወረወረችው አለ በልቡ።

ከዚያ ምንም አልሰማም። ፈራ፤ ግን የፈራው ሌላ ነገር ነው። ተነስቶ ቢገባ፣ አሳፍራት የሚለውን ደግማ ብትጠይቀው፣ ፊቷን እያየ እንቢ ለማለት አቅም እንደማይኖረው ነው የፈራው። ልብስ ሰፊዋን ከዚህኛው ወገን ሆኖ በሐሳቡ አየ፤ መብራት አላጠፋባትምና ክንዷ አሁንም ከፍ ዝቅ እያለ ነው። የቁልፉ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማው ነበር፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ምን ያህል ቆየ? እሱ ብዙም አልቆየሁም ይል ነበር። ሲስተር ደግሞ ሾርባው ላይ ስብ ረግቶ ነበር ትላለች። እኔ የማምነው ሾርባውን ነው።

ሲስተር የደም ግፊት መለኪያዋን ረስታ ነው የተመለሰችው። በጓሮ በር ገብታ በጓዳው በኩል ስታልፍ አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል።

«አባባ፣ ምነው ቤቱ ጭር አለ?»

«ቀይ ነው።»

«ምኑ?»

በአገጩ ወደ መብራቱ አመለከታት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ዝም አላት። ሲስተር በሌላ ቀን እንደምትቀልድበት ልትቀልድ አፏን ከፍታ ነበር፤ ያ ዝምታው ነው ያስደነገጠኝ ትላለች። መተላለፊያውን በሩጫ አልፋ የእናቴን በር በትከሻዋ ገፋችው።

እናቴ ወደ ጎን ተጋድማለች። ትሪው ከነሾርባው ከጭኗ ተንሸራቶ ግድግዳውን ተጠግቷል፤ ዳቦው አልተነካም። ፊቷና አንገቷ በላብ ርሷል፣ ቆዳዋ ቀዝቃዛ ነው። ዓይኗ በግማሽ ተከፍቷል፤ የሚያየው ነገር ግን የለም። ማብሪያው በመዳፏ ውስጥ ነው። አውራ ጣቷ ከላዩ አልተነሳም።

«አባባ! ስኳር! ስኳር አምጣ!»

እሱ በሩ ላይ ቆሟል። የበሩን መድረክ አላለፈም። ሲስተር ይህን ስትነግረኝ ቃሏን መርጣ ነው፤ «እግሩ እንቢ ያለው ይመስል ነበር» አለችኝ። ደግማ ስትጮህ ነው ወደ ወጥ ቤት የሮጠው። የስኳሩን ዕቃ ክዳን መክፈት አቅቶት ከነክዳኑ ወለሉ ላይ ከሰከሰው፣ ከስብርባሪው መሃል በእፍኙ አፍሶ መጣ። ስብርባሪ ያለበት ስኳር ለሰው አይሰጥም። ሲስተር እጁን ወደ ጎን ገፋችውና ከቦርሳዋ ግሉኮስ አውጥታ የእናቴን ክንድ አሰረች፣ ደም ሥር ፈለገች። የመጀመሪያው አልተገኘም። ሁለተኛው ተገኘ። አባቴ እፍኙን እንደጨበጠ ቆሞ ነበር፤ በጣቶቹ መሃል ስኳርና ደም ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«እየገባ ነው» አለች ሲስተር። «እማማ። እማማ፣ ይሰሙኛል? ይንቁ እንጂ!»

ለጊዜው ምንም አልነበረም። ከዚያ ዐይኗ ተንቀሳቀሰ፤ መጀመሪያ ጣራውን፣ ቀጥሎ መርፌውን፣ ቀጥሎ ነርሷን አየች።

«ደግሞ ምን ረስተሽ ነው የመጣሽው?» አለቻት፤ ምላሷ እንደ ከበዳት።

ሲስተር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ልማዷ አይደለም።

እኔ ስደርስ እናቴ ትራስ ተደግፋ ዳቦ እየበላች ነበር። አባቴ መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሎ ጓዳው ውስጥ ፒንሳ ይዟል። የቀዩን መብራት ሽቦ ሊቆርጥ ነው።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለች እናቴ በቀዳዳው።

«ቀዩን እያወጣሁ ነው።»

«አትነካትም!»

«እመቤቴ...»

«እመቤቴ አትበለኝ። ና ወዲህ።»

ገባ። እኔም ተከትዬው ገባሁ። ሲስተር መሄጃዋ አልፎ ነበር፤ ግን አልሄደችም።

«ሲስተር ታጥበኛለች» አለች እናቴ። «ይቺ ልጄ ታገላብጠኛለች። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ትንፋሼን ትጠብቃለህ። የሚቆለፍ በር የለኝም፣ የምወጣበት እግር የለኝም። ተዉኝ ብዬ የምዘጋው ያቺ ቀይ ብቻ ናት። እሷን ከቆረጥካት እኔ ዕቃ ነኝ።»

«እንግዲያው ብትሞችስ?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ሌላ ጉዳይ አይደለም!» አባቴ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። «ቀይ ከበራ አልገባም። እወቂው። አልፈልግም ብዬ አይደለም፣ አልችልም። ቀይ የታለፈ ቀን ሰው ይሞታል፤ እኔ እድሜዬን የኖርኩት ይህን አምኜ ነው።»

«ዛሬ ባለማለፍህ ነው ልሞት የነበረው» አለች።

 በክፋት አላለችውም፤ ልክ የጨርቅ ልኬት እንደምትናገር ነው የተናገረችው። አባቴ ፒንሳውን መደርደሪያው ላይ ከካርቶን ቤቶቹ መሃል አስቀመጠው። ፒንሳው ከካርቶኑ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ይበልጥ ነበር።

«በደንባችሁ እንዲህ ያለ ነገር የለም?» አለች ሲስተር። «መብራቱ ቀይ ሆኖ ቢበላሽስ? ባቡሩ እዚያው ቆሞ ዝገት ይበላዋል?»

«አለ» አለ አባቴ። አልፈለገም፤ ግን መዋሸት አይችልም። «ሹፌሩ ቀይ ሲያይ ይቆማል። ይነፋል። ይጠብቃል። መልስ ከሌለ...»

«መልስ ከሌለስ?»

«በሰው እርምጃ እየተሳበ ያልፋል። በየቅጽበቱ ለመቆም ተዘጋጅቶ።» ከዚያም «ያን አንቀጽ ወድጄው አላውቅም» አለ። «ይህን ያደረገ ሹፌር ከነፍሱ ጋር ተሰነባብቶ ነው የሚያልፈው።»

«እንግዲህ በቃ» አለች እናቴ። «ቀይዋ ትቀመጣለች። ስትፈራ ንፋ። ከመለስኩልህ ደህና ነኝ፣ አርፈህ ተቀመጥ። ካልመለስኩ ተስበህ ና።»

«ፊሽካ ቤት ውስጥ!» አለች ሲስተር። «ጎረቤት ኳስ ሜዳ ከፈቱ ይላል።»

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቀይ ብዙ ጊዜ በራ። አባቴ በአንገቱ ባንጠለጠላት ፊሽካ በቀስታ ይነፋል፤ እናቴ መደርደሪያውን በቀለበቷ ታንኳኳለች፣ ወይም «ገና አልሞትኩም» ትላለች፣ ወይም ትስላለች። መልሱ በመጣ ቁጥር ትከሻው ሲወርድ አያለሁ። ለሥራ የምወጣው ልቤ ቤት ቀርቶ ነበር። ሁላችንም ስለዚያች ሌላ ቀን እናስባለን፤ የሚያነሳት ግን የለም። እናቴ መልስ ባትሰጥ ያልፋል? ወይስ እንደዚያን ቀን መድረኩ ላይ እግሩ እንቢ ይላል? ሲስተር ሁልጊዜ ረስታ አትመለስም።

አንድ የዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ከእሱ ጋር ጓዳው ውስጥ ነበርኩ። የጣቢያውን ሰዓት መብራት ሲበይድ ሽቦ ይዤለታለሁ። እናቴ ምሳዋን ስትበላ አይቻለሁ፤ በልታለች። ባቡሩ ወደ እሷ ክፍል እየገባ ነበር። ቀይ በራ።

አባቴ ባቡሩን በቀዳዳው አፍ ላይ አቆመው፤ ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ። ነፋ።

መልስ የለም።

መበየጃውን አስቀመጠ። እንደገና ነፋ፣ ከበፊቱ ጠንከር አድርጎ። ከግድግዳው ወዲያ የውሻው ጅራት ብቻ ይሰማል። እኔ ብድግ አልኩ። እጁን ዘርግቶ ትከሻዬን ያዘና ወደ ወንበሩ መለሰኝ።  ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ ሄዶ ነበር፤ ከንፈሩ እንኳ ነጭ ነው። «እኔ ልግባ» ልለው ፈለግሁ። 

ተነሳ። መተላለፊያው አጭር ነው፤ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። እሱ ግን አንድ እግሩን ያስቀምጣል፣ ይቆማል፣ ያዳምጣል፣ ሌላውን ያስቀምጣል። ግድግዳውን በመዳፉ እየዳሰሰ ነበር የሚሄደው፤ ሐዲድ እንደሚዳስሰው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ኋላው ሆኜ የሚለውን ሰማሁ። «የግራው ዝግ፣ የቀኙ ዝግ» ይላል። «ሁሉም ዝግ፣ ሁሉም ዝግ።» በሩ ጋ ደረሰ። እጁ ከመያዣው ላይ ሁለቴ ተንሸራተተ። ልመልሰው፣ ልቅደመው፣ ልጩኽ አልኩ፤ አንዱንም አላደረግኩም። በሩን ከፈተ። መድረኩ ላይ ቆመ።

ከዚያ እግሩን አነሳና ገባ።

እናቴ ትራሷን ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ማብሪያው በእጇ ነው። ዐይኗ በሩ ላይ ነበር፤ ከመጀመሪያውም እሱን ስታይ እንደቆየች ያስታውቃል። ትንፋሽዋን ይዛ ነበር መሰለኝ፣ ሲገባ ለቀቀችው።

«ደህና ነሽ?» አለ፤ ድምፁ የእሱ አይመስልም።

«ደህና ነኝ።»

«ለምን አልመለስሽም?»

«ትመጣ እንደሆነ ላውቅ ብዬ።»

አባቴ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ወደ እሷ አድርጎ፣ የአልጋውን እግር በሁለት እጁ ይዞ። መላ አካላቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አልጋውም አብሮት ተንቀጠቀጠ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ዛፎች ሁሉ ተነቃነቁ።

«ልትገድይኝ ነው፣ አንቺ ሴትዮ» አለ። «እውነት ልትገድይኝ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። ከአልጋው ላይ እጇን አውርዳ የሸሚዙን ኮሌታ ያዘች፣ ሕፃን ልጅ መንገድ ሲያሻግሩት እንደሚያዙት። «እኔም ፈርቼ ነበር።»

መብራቱን ወደ አረንጓዴ ለመመለስ ሁለቱም አልቸኮሉም።